ዕውቀት የማን ገንዘብ ናት?

በሬ የተሰረቀበት ሰው ማለዳ ተነሥቶ በረቱን ባዶ ያገኘዋል። ድንበሩ የተገፋበት ገበሬም መሬቱን በገመድ ቢለካ የጎደለው ይታወቀዋል። ዕውቀቱን የወሰዱበት ሰው ግን ቢነጋም ቢመሽም ዕውቀቱ ከእርሱው ጋር ናት፤ ሌላው ስላወቃት ከእርሱ ልብ አልጎደለችም። ጎረቤት እሳት ልትጭር ብትመጣ ፍሟን ይዛ ትሄዳለች እንጂ የባለቤቲቱን ምድጃ አታቀዘቅዝም። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ሰዎች «የማይጎድል ነገር አይሰረቅም፤ ስለዚህ በዕውቀት ላይ ሌብነት የለም» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «ሰው በድካሙ ካፈራው ሁሉ የሚበልጠው ዕውቀቱ ነውና፣ እርሱን የወሰደ ከከብት ሌባ ይከፋል» ብለው ይከራከራሉ።

እኔ ከሁለቱ ወገን ከአንዱም ጋር ፈጽሞ አልስማማም። ዕውቀት እንደምትሰረቅ አምናለሁ፤ ነገር ግን የምትሰረቀው በተወሰደች ጊዜ አይደለም፤ የወሰዳት ሰው ከማን እንደ ተቀበላት በደበቀ ጊዜና በሩን በሌሎች ላይ በዘጋ ጊዜ ነው። ይህንንም ለማስረዳት ወደ ሩቅ አገር ከመሄዴ በፊት በቅርብ ከማውቀው ከብቸናና ከሞጣ አገር ልማድ ልነሣ።

በዚያ አገር ሴቶች ገላቸውንና ጠጕራቸውን የሚንከባከቡበት ጥበብ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው። ወተቱ ተንጦ የወጣው ለጋ ቅቤ ከአደስ ቅጠል ጋር ይለወስና ለራስ ይሆናል፤ ፀሐይና ነፋስ ያደረቀው ፊትና ክንድም በቅቤ ይለሰልሳል። የእንሶስላ ሥር ተቆፍሮ፣ ታጥቦ፣ ተወቅጦ በእጅና በእግር ላይ ይለጠፍና ተጠቅልሎ ያድራል፤ ሲነጋ ቆዳው ቀልቶ ይገኛል። ሙሽራ እንሶስላ ትሞቃለች፤ በዓል ሲደርስም ሚዜዎቿና ጎረቤቶቿ ይሞቃሉ። ለመልክ ብቻም አይደለም፤ የእጅንና የእግርን ቆዳ ያጠነክራል፣ የተረከዝን ንቃቃት ይከለክላል ይሉታል። «ይህን ማን ፈለሰፈው?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የሚሰጥ የለም። አንዲት ሴት በአንድ ሌሊት ያገኘችው ነገር አይደለምና። ብዙ ሴቶች በብዙ ዘመን ሞክረው፣ የማይረባውን ጥለው፣ ደጉን አቆይተውታል። የማታውቅ ጎረቤት ብትጠይቅም «ነይ እኅት ዓለም፣ እንዲህ አድርጊው» ትባላለች እንጂ ዋጋ አትጠየቅም።

በዚያው አገር ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ሌላ ልማድ አለ። መድኃኒት ዐዋቂ የተባለው ሰው ቅጠሉን በሌሊት ይቈርጣል፤ ሥሩን ሰው በሌለበት ይምሳል፤ ደቍሶ ካላላመው በቀር ለማንም አያሳየውም። «መድኃኒት ከተነገረ ኀይሉ ይከሽፋል» ይላል። ከልጆቹ መካከል አንዱን መርጦ ሊሞት ሲል ይነግረዋል፤ ሞት ድንገት ከመጣ ግን ሳይነግረው ያልፋል። እኔ በልጅነቴ የማውቃቸው አንድ ሽማግሌ ለችፌ የሚሆን ቅባት ነበራቸው። ሕፃናት ፊታቸው ቈስሎ ከሩቅ ቀበሌ በእናቶቻቸው ጀርባ ታዝለው ይመጡ ነበር፤ ድነው የተመለሱም አይቻለሁ። ሽማግሌው ባንድ ክረምት ታመው ብዙም ሳይቈዩ ዐረፉ። ልጆቻቸው የሚያውቁት አባታቸው ሥር ለመቈፈር ወደ የትኛው ሸለቆ ይወርዱ እንደ ነበረ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት እናቶች በራፉ ላይ ቆመው ተመለሱ።

ሽማግሌው ክፉ ሰው ነበሩ ለማለት አይደለም። የሚኖሩት የዳነ ሰው በሚያመጣላቸው እህልና ማር ነበር። ምሥጢራቸውን ቢናገሩ ነገ ሌላው በርካሽ ይሸጠዋል፤ ወይም ሳያውቅ ቀላቅሎ ሰው ይጎዳበታል። ፍርሃታቸው እውነተኛ ነበረ። ይሁን እንጂ ያ ፍርሃት መክሊቱን በመሬት ውስጥ እንደ ቀበረው አገልጋይ አድርጓቸዋል።

እንግዲህ በአንድ አገር ሁለት መንገድ ይታያል። አንደኛው ሁሉን ይሰጣል፤ ነገር ግን ሰጪው ሳይታወቅ ይቀራል። ሁለተኛው ሁሉን ይደብቃል፤ ነገር ግን ዕውቀቱ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ሦስተኛ መንገድ የፈለጉት ፈረንጆች ናቸው፤ እርሱም ፓተንት የሚባለው ነው። ብዙ ሰው ፓተንትን ምሥጢር የመጠበቂያ መንገድ አድርጎ ያስበዋል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። መንግሥት ለፈልሳፊው «ያገኘኸውን ሌላ ባለሙያ አንብቦ ሊሠራው እስኪችል ድረስ ገልጠህ ጻፍ፤ እኔም እስከ ተወሰነ ዘመን ድረስ ያለ ፈቃድህ ሌላው እንዳይሠራበት እከለክልልሃለሁ፤ ዘመኑ ሲያልቅ ግን የሁሉ ይሆናል» የሚልበት ውል ነው። ይህ ዘመን በአብዛኛው አገር ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ነው። በኢትዮጵያም በእኛ አቈጣጠር በ1987 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 123 ለፓተንት 15 ዓመት ይሰጣል፤ ፈጠራው በአገር ውስጥ በሥራ ላይ ከዋለም 5 ዓመት ሊጨመርለት ይችላል። ከእንግዲህ ወዲህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ግን በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ይህ ውል ምን እንደሚመስል ለማየት ከገላ ቅባት ጕዳይ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ጀምስ ዶብሰንና ማይክል ኤቲየር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አደኖሲን የሚባለው ንጥረ ነገር በቆዳ ላይ ሲቀባ የቆዳን መሸብሸብ እንደሚያሻሽል ገልጠው ጻፉ፤ በ2002 እና በ2003 ሁለት ፓተንት ተሰጠበት። በዚያው ግዛት ሚልበሪ በምትባል ከተማ የሚኖሩ የቀርሜሎስ መነኮሳት ያቋቋሙት ካርሜል ላቦራቶሪስ የተባለ ድርጅት ከዩኒቨርሲቲው ፈቃድ ተቀብሎ ቅባቱን መሸጥ ጀመረ፤ ትርፉም ለበጎ አድራጎት እንዲውል ታስቦ ነበር። በ2017 ዩኒቨርሲቲውና ድርጅቱ አንድ ሆነው ሎሬያል የተባለውን የፈረንሳይ ታላቅ የመዋቢያ ኩባንያ «ያለ ፈቃድ አደኖሲንን በቅባቶችህ ውስጥ ተጠቅመሃል» ብለው በደላዌር ፍርድ ቤት ከሰሱት። ኩባንያው ካደ። ከክርክሩ ዋና ነጥቦች አንዱ በፓተንቱ ላይ የተጻፈው የአደኖሲን መጠን የሚለካው በቆዳው ላይ ሲቀባ ነው ወይስ ዘልቆ ከሥር ወዳለው የቆዳ ክፍል ሲደርስ ነው የሚል ነበር። የታችኛው ፍርድ ቤት ለሎሬያል ፈረደ፤ በ2022 የይግባኙ ፍርድ ቤት ያንን ፍርድ ሽሮ ጕዳዩን እንደገና እንዲታይ መለሰው።

ከዚህ ክርክር ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው አደኖሲንን ማንም ሰው አልፈጠረውም። በእያንዳንዱ ሕያው ገላ ውስጥ፣ በእኔም በአንባቢም ሰውነት ውስጥ ያለ ነገር ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ «የእኛ ነው» ሊሉ የቻሉት ንጥረ ነገሩን ሳይሆን፣ በዚህ መጠን እንዲህ ቢቀባ እንዲህ ይሆናል የሚለውን ዕውቀት ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ ዳኞች ስለ መጠኑ ሊከራከሩ የቻሉት ነገሩ ተጽፎ በግልጥ ስለ ተቀመጠ ነው። የእነዚያ ሁለት ፓተንቶች ዘመን ዛሬ አልፏል፤ ጽሑፋቸውን ግን ማንም አንብቦ ሊሠራበት ይችላል። የችፌውን ቅባት ግን ዛሬ ማን ሊሠራው ይችላል? በዚህ በኩል ስንመዝነው የፈረንጁ ውል ከእኛ መድኃኒት ዐዋቂ ልማድ የተሻለ መሆኑን መካድ አይገባም። ለ20 ዓመት የተዘጋ በር ለዘለዓለም ከጠፋ በር ይሻላልና።

ይሁን እንጂ ይኸው ውል የሚበላሽበት ቦታ አለ። የሚበላሸውም ምሥጢሩን ከሚደብቀው ሽማግሌ ጋር ሲገናኝ አይደለም፤ ዕውቀቷን ያለ ዋጋ ከምትሰጠው ከእንሶስላዋ ሴት ጋር ሲገናኝ ነው። የተደበቀውን ማንም ሊወስደው አይችልም። ለሁሉ የተሰጠውን ግን አንዱ መጥቶ ጽፎ «እኔ አገኘሁት» ቢል የሚመሰክርበት ወረቀት የለም።

በሕንድ አገር የሆነው ለዚህ ምስክር ነው። እኛ በወጥ ውስጥ የምንጨምረውን እርድ ሕንዶች ከጥንት ጀምሮ በቍስል ላይ ያደርጉታል። በ1995 አሜሪካ ለሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል እርድን ለቍስል ማዳኛ የመጠቀም ፓተንት ሰጠች። ፓተንቱን ካስመዘገቡት ሁለት ሰዎች ሁለቱም የሕንድ ተወላጆች ነበሩ። የሕንድ የሳይንስና የኢንዱስትሪ ምርምር ምክር ቤት ተቃወመ፤ ለማስረጃም ጥንታዊ የሳንስክሪት ጽሑፍና በ1953 በሕንድ የሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ አቀረበ። ፓተንቱ በ1997 ተሻረ። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ሕንድን ያዳናት ምን እንደ ሆነ ነው። በየቤቱ እርድ የሚቀቡት እናቶች ብዛት አልነበረም። በዚያን ጊዜ በነበረው የአሜሪካ ሕግ ከአሜሪካ ውጭ ባለ አገር ሕዝብ ሁሉ ቢያውቀውና ቢሠራበት እንኳ፣ ታትሞ ካልተገኘ በቀር ፓተንትን ለመከልከል አይቈጠርም ነበር። ይህ ልዩነት የቀረው በ2011 የወጣው አዲስ ሕግ በ2013 ሥራ ላይ ሲውል ነው። እንግዲህ አንድ የታተመ ገጽ የሚሊዮን እናቶችን ምስክርነት ይበልጥ ነበር ማለት ነው። ይህ ፍርድ ትክክል ነው አልልም፤ ነገር ግን እንዲህ ነበረ።

ከሕንድ ወደ ራሳችን ማሳ እንመለስ። የብቸናና የሞጣ ገበሬ ጥቍር መሬቱን ደጋግሞ አርሶ፣ አለስልሶ፣ ጤፍ ይዘራበታል። ምሥራቅ ጎጃም ከኢትዮጵያ ዋና የጤፍ አገሮች አንዱ ነው። በ2005 ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል የተባለ የሆላንድ ኩባንያ ከኢትዮጵያ የብዝሐ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና ከግብርና ምርምር ድርጅት ጋር ስለ ጤፍ ዘር ውል ተዋዋለ። ኩባንያው በዘሩ ይጠቀማል፤ ከጥቅሙም ለኢትዮጵያ ያካፍላል ተባለ። ነገር ግን ከውሉ አስቀድሞ ስለ ጤፍ ዱቄት የፓተንት ማመልከቻ ገብቶ ነበር፤ በ2007ም የአውሮፓ የፓተንት መሥሪያ ቤት ፓተንቱን ሰጠ። ይህም በሆላንድ፣ በቤልጅግ፣ በጀርመን፣ በእንግሊዝ፣ በኦስትርያና በጣልያን የሚሠራ ነበር።

የፓተንቱ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ በሙቀት ሲወፍር አንዲት ዘንግ በውስጡ ለመውረድ የምትወስደው ጊዜ በሴኮንድ ይቈጠራል። ጤፉ ከታጨደ በኋላ ጥቂት ሳምንታት ቢቈይ ይህ ቍጥር ከፍ ይላል፤ ዱቄቱም ለመጋገር የተሻለ ይሆናል። ኩባንያው ቍጥሩ ቢያንስ 250 የሆነውን የጤፍ ዱቄትና ከእርሱ የሚሠራውን ምግብ የእኔ ፈጠራ ነው አለ። አዲስ ጤፍና የከረመ ጤፍ በምጣድ ላይ እኩል አለመሆናቸው በእኛ አገር እናቶች ዘንድ የታወቀ ነገር ነው። እነርሱ ሴኮንድ አልቈጠሩም፤ ዘንግም አላወረዱም፤ ነገር ግን እህሉን በጎተራ ያቈዩት ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው የበለጠ ያሳዝናል። ኩባንያው በ2009 ከሰረ። ኢትዮጵያ ከዚያ ሁሉ ውል ያገኘችው 4,000 ዩሮ ያህል ብቻ ነበር። ፓተንቱ ግን አልከሰረም፤ ወደ ሌሎች ድርጅቶች ተላልፎ ኖረ። ዕዳው ከሞተው ጋር ሲቀበር ርስቱ ለሕያዋን ተላለፈ ማለት ነው። ኋላ ፓተንቱን የያዘው ኤንሸንትግሬን የተባለ ድርጅት ቤከልስ የተባለውን ሌላ የሆላንድ ድርጅት «የጤፍ ዱቄት ያለ ፈቃዴ ሸጥህ» ብሎ ከሰሰ። ተከሳሹ «ይህ ፓተንት ከመጀመሪያውም አይገባህም ነበር» ብሎ ተከራከረ፤ በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ነገሩ የፈጠራ ደረጃ የሌለው ነው ሲል ፓተንቱን በሆላንድ ሻረው። እኛም ደስ አለን። ነገር ግን ነገሩን በጥሞና ላስተዋለ ሰው ደስታው ከኀፍረት ጋር የተቀላቀለ ነው። ስለ ጤፍ በዚያ ችሎት የተሟገቱት ሁለት የሆላንድ ነጋዴዎች ናቸው። ያረሰው፣ ያረመው፣ ዘሩን ለሺሕ ዓመታት እየመረጠ ያቈየው ወገን በክርክሩ ውስጥ ከሳሽም ተከሳሽም አልነበረም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው ተረት እዚህ ላይ ይሠራል።

እስካሁን የተናገርኩት ፈረንጅ ሁሉ ቀማኛ፣ እኛ ሁላችን ተበዳይ የሆንን ያስመስል ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ቀላል እንዳይመስለን የእንዶድን ታሪክ እናስብ። እንዶድ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም፤ ታላቁ ደራሲ ሀዲስ ዓለማየሁ የተወለዱበት ቀበሌ እንኳ እንዶዳም ይባላል። ሴቶች ፍሬውን ወቅጠው ነጠላና ቀሚስ ያጥቡበታል። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲንሳፈፉ ተመለከቱ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ብልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ የሚያዛምቱ ናቸው። ከዚህ ተነሥተው ብዙ ዓመት መረመሩ፤ በ1989ም ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በኋላም በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት የሚገኘው የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ፣ የታላላቅ ሐይቆችን የውኃ ቧንቧ የሚደፍኑ ዛጎል ለባሾችን እንዶድ እንደሚገድል አረጋግጦ በ1993 ፓተንት አገኘበት። ከፈልሳፊዎቹም መካከል የዶክተር አክሊሉ ስም ተጽፏል።

እዚህ ላይ ማን ሰረቀ? ሴቶቹ እንዶድ እድፍ እንደሚያስለቅቅ ያውቁ ነበር። ዶክተሩ ከማጠቢያው በታች ያለውን አይተው ቀንድ አውጣውን ከበሽታው ጋር አገናኙ። የቶሊዶዎቹ ደግሞ ስለ ሐይቅና ስለ ቧንቧ አሰቡ። እያንዳንዱ ከፊተኛው የተቀበለው አለ፤ እያንዳንዱም የጨመረው አለ። የጨመረውን «የእኔ ድካም ነው» ቢል አይወቀስም። ልዩነቱ የሚታየው የተቀበለውን በሚናገርበት ጊዜ ነው። ዶክተር አክሊሉ የግኝታቸውን ታሪክ ሲተርኩ ከልብስ አጣቢዎቹ ይጀምሩ ነበር። የፓተንት ሕግ ግን አጣቢን የሚጽፍበት መስመር የለውም፤ የፈልሳፊ ስም ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ለዚህ ነገር መመዘኛ ከሌላ አገር መዋስ አያሻንም ብዬ አምናለሁ። ከብቸና ብዙ በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስና በሌሎቹ የጎጃም ጉባኤያት ሲሠራበት የኖረ የቅኔ ሥርዐት አለን። የቅኔ ተማሪ ሲጀምር የዜማውን ልክ ከመምህሩ ይቀበላል። ልኩ የማንም የግል ገንዘብ አይደለም፤ ጉባኤ ቃናም ሆነ መወድስ ለሁሉ የተሰጠ ነው። በዚያ ልክ ውስጥ የሚያስገባው ምሥጢር ግን የራሱ መሆን አለበት። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ተማሪ በጓደኞቹ ፊት ያፍራል። ቅኔውን በማኅበር ፊት ካሰማ በኋላ ደግሞ የሰማው ሁሉ ሊያደንቀው፣ ሊፈታው፣ ሊያስተምርበት ይችላል፤ «ያለ ፈቃዴ አትጥቀሱት» የሚል የለም። ሊቁም በሄደበት ሁሉ በመጀመሪያ የሚጠየቀው «ከማን ተማርህ?» ተብሎ ነው። መምህሩን የደበቀ ሊቅ አይታመንም። ሊቃውንቱ ቅኔ ማቅረብን «መዝረፍ» ማለታቸው ያስገርማል። የቅኔው ዘራፊ ግን የዘረፈውን ለማኅበሩ ሰጥቶ ባዶ እጁን ይቀመጣል፤ በማግሥቱም አዲስ ይጠበቅበታል።

ከዚህ ሥርዐት ሦስት ግዴታ እናወጣለን። የተቀበልኸውን ከማን እንደ ተቀበልህ ተናገር። ከጨመርኸው በላይ የእኔ ነው አትበል። ከተቀበልህባቸው ሰዎች ላይ በሩን አትዝጋ። የአደኖሲኑ ፓተንት በዚህ ሚዛን ቢመዘን የሚነቀፍበት ብዙ የለም፤ ተመራማሪዎቹ ገልጠው ጽፈዋል፤ ማንንም ከቀድሞ ልማዱ አልከለከሉም። የእርዱና የጤፉ ፓተንት ግን በሦስቱም ይወድቃል።

አንድ ጠያቂ «እንግዲያው ጤፍም እንሶስላም እንዶድም የእኛ ብቻ ናቸው ብለን እኛው ብንዘጋባቸውስ?» ሊል ይችላል። ይህ ሐሳብ ለጊዜው ልብን ያሞቃል፤ ነገር ግን ከጤፉ ነጋዴ ጥፋት የተለየ አይደለም። የብቸና ገበሬ ዘሩን ከሌላ አውራጃ፣ ያም ከሌላ ተቀብሏል፤ ኤርትራውያንም ጤፍ ያመርታሉ። የፍትሕ ጥያቄያችን «የእኛ ብቻ ነው» የሚል ሳይሆን «ያንተ ብቻ አይደለም» የሚል መሆን ይገባዋል። ሌላው ጠያቂ ደግሞ «ምስጋና ሆድ አይሞላም፤ ስሙ ቢጠራ ገበሬው ምን ይጠቀማል?» ይላል። ይህ ጥያቄ ከፊተኛው ይከብዳል። ኢትዮጵያም በ2006 ስለ ጀነቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት ዐዋጅ ቍጥር 482 አውጥታለች፤ ዐዋጁም ዕውቀቱን ጠብቆ ያቈየው ማኅበረሰብ ከጥቅሙ ድርሻ እንዲያገኝ ይደነግጋል። ነገር ግን ድርሻ የሚከፈለው ባለድርሻነቱ ለታወቀ ሰው ነው። ስሙ ያልተጻፈ አበዳሪ ዕዳውን ከማን ይጠይቃል? ስለዚህ ስም መጥራት የክፍያ ምትክ ባይሆንም የክፍያ መጀመሪያ ነው።

ይህ ከሆነ ግዴታው በባዕዳን ላይ ብቻ አይደለም፤ በእኛም ላይ ይወድቃል። ሕንድ ከእርዱ ክርክር በኋላ የአባቶቿን የመድኃኒት ዕውቀት ሰብስባ የውጭ አገር የፓተንት መርማሪዎች በሚያነቧቸው ቋንቋዎች መዝግባ ማስቀመጥ ጀምራለች፤ ሥራውም የተጀመረው በ2001 ነው። እኛ ግን በደብተራ ቤት፣ በመድኃኒተኛ ከረጢትና በእናቶች ልብ ውስጥ ያለውን ምን ያህል ጽፈናል? በብቸናና በሞጣ ትምህርት ቤቶች ስንት ተማሪ አለ፤ እያንዳንዱም አያት አለችው። እንሶስላው እንዴት እንደሚወቀጥ፣ ቅቤው ከምን ጋር እንደሚለወስ፣ የከረመው ጤፍ ለምን እንደሚመረጥ፣ ከነነገረችው ሴት ስም ጋር ጽፎ ማስቀመጥ ከአንድ ደብተርና ከአንድ እስክሪብቶ በላይ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም።

ለመድኃኒት ዐዋቂዎቻችንም የምለው አለኝ። ፍርሃታችሁን እረዳለሁ፤ የተነገረ መድኃኒት ለሌላው ትርፍ ሊሆን እንደሚችል በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ራሴ አሳይቻለሁ። ነገር ግን የምትፈሩት ሌባ ምናልባት ላይመጣ ይችላል፤ ሞት ግን ሳይመጣ አይቀርም። ሌባው የወሰደውን በሕግ ተሟግቶ ማስመለስ እንደሚቻል እርዱ አስተምሮናል፤ መቃብር የወሰደውን የሚያስመልስ ፍርድ ቤት ግን በሄግም በደላዌርም የለም። ዕውቀትን የተቀበልነው ካለፉት ነው፤ የምንከፍለው ደግሞ ለሚመጡት ነው። ተበዳሪ የወሰደውን እህል ለአበዳሪው ይመልሳል፤ የዕውቀት ተበዳሪ ግን ዕዳውን የሚከፍለው በራፉ ላይ ቆማ ለምትጠብቅ፣ ለማያውቃት እናት ነው።